ከስሙ በፊት የተሰመረው መስመር

ሰኞ፣ የካቲት 9 ቀን

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለብህ ነገር አለ፦ እዚህ ሞተሃል ተብሎ፣ ተለቅሶልህ፣ እርማችንን ካወጣን ሁለት ዓመት አልፏል። የተሳፈርክባት ጀልባ ስትሰጥም አስከሬንህ አልተገኘም። ይህን የምጽፈው ላሳዝንህ ሳይሆን ቀጥሎ የምነግርህ እንዲገባህ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የተጫዋቾች ፊርማ ለሰብሳቢዎች በሚሸጥ አንድ ባለሱቅ ዘንድ እውነተኛውን ከሐሰተኛው እለያለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ደብተር ያረመ ዓይን ለሌላ ምን ይሆናል? አስመሳይ ቅርጹን ያያል እንጂ ፍጥነቱን አያይም። እየተጠነቀቀ ስለሚጽፍ ብዕሩ በማያስፈልግ ቦታ ይቆማል፤ በቆመበትም ቀለሙ ይጠራቀማል። ሁለት ፊርማዎች ፍጹም አንድ ከሆኑም አንዱ ከሌላው ተገልብጧል፤ ሰው ስሙን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ አይጽፍምና።

ባለፈው ወር ባለሱቁ አንድ የበረኛ ማሊያ ዘረጋልኝ። ያንተ ስም ተፈርሞበታል። አባትህ መሆኔን ነግሬው አላውቅም፤ እየሳቀ፣ «ጋሼ፣ ይሄስ አያደክምዎትም። ማሊያው የዘንድሮ ነው። ሙታን መፈረም ጀመሩ እንዴ?» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ በረኛ ሆነህ የተጫወትክለት ክለብ አርማውን የቀየረው ዘንድሮ ነው፤ ፊርማው ደግሞ በአዲሱ አርማ ላይ አርፏል። «ሐሰት» ብዬ ልጽፍ ከተነሳሁ በኋላ፣ ለወጉ ያህል፣ አጉሊ መነጽሬን አቀረብኩ። ብዕሩ የትም አልቆመም። ከስምህ ሥር ያለው መስመርም ቀድሞ የተሰመረ ነበር፤ የፊደሎቹ እግር በላዩ ላይ አልፏል። ሰው ሁሉ ስሙን ከጻፈ በኋላ ነው የሚያሰምረው። አንተን ግን «አስምርና ጻፍ» እያልኩ ስላስተማርኩህ መስመሩን ታስቀድም ነበር። ባለሱቁም ሆነ ሰብሳቢዎቹ ይህን አያውቁም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት የተፈረመባቸው ማሊያዎች ተጨምረዋል። ሁሉም የአንተ እጅ ናቸው፤ ግን እጁ እየዛለ ሄዷል። በሦስተኛው ላይ የመጨረሻው ፊደል አላለቀም። በሦስቱም ላይ «ሐሰት» ብዬ ጻፍኩ። እያወቅሁ የተሳሳተ ውጤት ስሰጥ በዕድሜዬ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እውነት ነው ብል ወሬው እናትህ ጆሮ ይገባል፤ ተስፋው ከንቱ ሆኖ ቢቀር ግን ሁለተኛ አልቀብርህም።

ለእሷ ትንፍሽ አላልኩም። ነገር ግን የመጀመሪያው ማሊያ በመጣ ዕለት ጥቁሯን አወለቀች። ትናንት ደግሞ ሹራብህን አጥባ ስታሰጣ አገኘኋት። ምነው ብላት፣ ቀና ሳትል፣ «በርዶታል» አለችኝ።

ይህን አድራሻ ያገኘሁት ከማሊያዎቹ መጠቅለያ ላይ ነው። ባለህበት እጅህን ያበርታልህ፤ ደህና ሰው ከጎንህ አይጥፋ።

አባትህ

ይህን የከፈተው ልጄ ካልሆነ፦ ማን እንደሆንክ አልጠይቅህም፣ አልከስህምም። ማሊያዎቹን የላክህ አንተ ከሆንክ፣ ስሙን ሲጽፍ አጠገቡ ቆመህ እጁን ያየህ ሰው ነህ። መቼ እንዳየኸው ብቻ ንገረኝ። እናቱ እየጠበቀች ነውና ሳትውል ሳታድር መልስ ጻፍልኝ።