አፌን የዘጋሁበት ምክንያት

እሑድ፣ የካቲት 9 ቀን
ከሰዓት በኋላ፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ

ለውዷ ባለቤቴ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? እኔ ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናቸው። ይህን ስጽፍ ከጀርባዬ ተቀምጠው ቁልፍ እየለዩልኝ ነው፤ ትልቁን ከትንሹ፣ ነጩን ከጥቁሩ። በየደቂቃው "የት ደረስክ?" ይሉኛል። "ሰላምታ ላይ ነኝ" ስላቸው፣ "ሰላምታህ ረዘመ፣ ወደ ነገሩ ግባ" አሉኝ። እሺ፣ ልግባ።

በስልክ እንዳላመልጥሽ ብለሽ በወረቀት የጻፍሽው ደብዳቤ ማክሰኞ ደረሰኝ። ሁለት ጥያቄ አለበት። አንደኛው እንዲህ ይላል፦ "በዚህ ዓመት በላክህልኝ ፎቶ ሁሉ ከንፈርህን ገጥመህ ነው የምትታየው። ስንደዋወልም ምስሉን ታጠፋብኛለህ። ቂም ይዘህብኝ ከሆነ ወሩ ሳያልቅ ቁርጡን ንገረኝ፤ የሚጠብቀኝ ሰው ከሌለ እዚሁ ለሌላ ሁለት ዓመት የሥራ ውል እፈርማለሁ።" ሁለተኛው ደግሞ፦ "የእማዬ አዲሱ ጥርስ ተስማማት ወይ? ዳቦ ትበላበታለች ወይ?" ይላል። የሁለቱም መልስ አንድ ነው። እኔም ብሆን እስከ ማክሰኞ ድረስ ግማሹን አላውቀውም ነበር።

ቂም አልያዝኩብሽም። ድዴን ነው ያመመኝ።

ሳቂ፣ ግድ የለም። ነገሩ የጀመረው አንቺ በሄድሽ በዓመቱ ነው። አንድ ጠዋት ጥርሴን ስቦርሽ ብሩሹ ላይ ደም አየሁ። ምን አደረግሁ መሰለሽ? መቦረሹን ተውኩት። የሚደማ ነገር አይነካካም ብዬ፣ የጥርስ ሳሙናውን በጣቴ አስነካ አስነካ እያደረግሁ እጉመጠመጥ ጀመር። ከዚያ ድዴ አበጠ፣ ትንፋሼ ለራሴም አስጠላኝ፣ የታችኞቹ አራት የፊት ጥርሶቼም ሊበጠስ እንደ ደረሰ ቁልፍ በምላሴ ስነካቸው ይወዛወዙ ጀመር። ደንበኛ ሲመጣ ትንፋሼን ውጬ በችኮላ ነበር የምለካው። በዚህ የተነሳ ሁለት ሸሚዝ አንገቱ ጠቦ ተመልሶብኛል።

መድኃኒት ቤቷ ሴትዮ በጥርስ መሃል እየገባ የሚያጸዳ ክር አለ አለችኝ። ዋጋውን ጠየቅሁና ሳቄ መጣ። ልብስ ሰፊ ሆኜ ክር ከመድኃኒት ቤት ልገዛ? ሱቄ ገብቼ የጂንስ ሱሪ የምሰፋበትን ወፍራሙን ክር ቆረጥኩና እንደ መጋዝ ወዲህ ወዲያ ሳብኩት። ከዚያ በኋላ ስለነበረው ሳምንት አልነግርሽም። ሾርባ ሳይቀር ያቃጥለኝ ነበር።

ሐኪም ቤት አልሄድክም ወይ ትይኛለሽ። ሄጃለሁ፣ አንድ ትልቅ ቦታ። አራቱም ተነቅለው በሰው ሠራሽ ይተኩ አሉኝና ዋጋውን ነገሩኝ። አንቺ በስንት ወር የምታጠራቅሚው እንደሆነ በልቤ አሰላሁ። እንዳልነግርሽ ያደረገኝ ያ ስሌት ነው። ብነግርሽ ያለ አንዲት ቃል እንደምትፈርሚ አውቃለሁ። ስለዚህ አፌን ዘጋሁ። ፎቶ ላይ ዘጋሁ፣ ስልክ ላይ ዘጋሁ፣ መሳቅም ተውኩ። ዝምታዬ አንቺ ዘንድ ሲደርስ ሌላ ነገር መስሎ እንደሚታይ ግን አላሰብኩትም። በዚህ ይቅርታ አድርጊልኝ።

እናትሽ ያወቁት እንዲህ ነው። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ልጅ የሠርግ ቀሚሷን ሰጥታኝ ነበር። ነጭ፣ ስስ፣ ስትነኪው የምትፈሪው ዓይነት ጨርቅ። ጫፉን ስጨርስ እንደ ልማዴ ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። ቀና ስል ደረቱ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ደም አለች። ልብስ ሰፊ ሁሉ እንደሚያውቀው የራስን ደም የራስ ምራቅ ያስለቅቀዋል። እኔም ምራቄን በጨርቅ አስነክቼ ጠረግሁት። ምራቄም ደም ነበረበትና የምስሯ ፍሬ ባቄላ አከለች።

ያኔ ነው እናትሽ በኋላው በር የገቡት። አንቺ ለሥራ ስትሄጂ ሳልከለክልሽ ከቀረሁ ወዲህ ጥርሳቸው ውስጥ መግባቴን ታውቂያለሽ፣ ጥርስ ባይኖራቸውም። አንድ ግቢ ውስጥ እየኖርን ከ"እንደምን አደርክ" እና ከ"እንደምን አመሸህ" ያለፈ ቃል አልነበረንም። ቀሚሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከእጄ ነጥቀው ወደ ቧንቧው ሄዱ። ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ያጠቡ ሴት አይደሉ? ቀዝቃዛ ውሃ፣ ትንሽ ጨው፣ በሁለት ጣት ቀስ ብሎ ማሸት። ነጥቧ እንዳልነበረች ሆነች።

"መርፌ ወጋኝ" አልኳቸው።

"የጣት ደም ይረጋል። ይሄ ምራቅ ያለበት ነው። አፍህን ክፈት።"

"እማማ፣ ኧረ ይተዉኝ..."

"ክፈት አልኩህ። እኔ ስንቱን ያየሁ ሰው ነኝ፣ ያንተ አፍ አያስደነግጠኝም።"

ከፈትኩ። መስኮቱ ጋ አቁመው አገጬን ይዘው አዩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም? ለልጄ ለምን አልነገርካትም?" አሉኝ።

"ከነገርኳት ትፈርማለች።"

ቀሚሱን ጥላ ላይ አሰጡና ሲመለሱ፣ "ነገ ጠዋት ሱቁን ዝጋ" ብቻ አሉኝ።

የወሰዱኝ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ በላይ ወዳለችው ትንሽ ክሊኒክ ነው። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ እጇ ቀላል። ጫፉ ላይ መስመር መስመር ያለበት ቀጭን ብረት ድዴና ጥርሴ መሃል እያስገባች ቁጥር ትጠራለች፣ ረዳቷ ትጽፋለች። "ስድስት፣ አምስት፣ ሰባት፣ ስድስት።" ልኬት እንደሆነ ገባኝና የሙያ ባልደረባ ያገኘሁ ያህል ተሰማኝ። ድዴ እንደ ላላ አንገትጌ ከጥርሴ ተላቆ ኪስ ሠርቷል፣ ኪሱ ውስጥ ደግሞ ቆሻሻ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። የኪሱ ጥልቀት ከሦስት ሚሊ ሜትር ካላለፈ ደህና ነው አለችኝ።

"ጋሼ፣ ስለደማብዎት ነው መቦረሽ ያቆሙት?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አዎ።"

"ስላቆሙ ነው የባሰ የደማው።" የጂንሱን ክር ስነግራት ረዳቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

እኔ ዋጋ ልጠይቅ ስል እናትሽ ቀደሙኝ። "ልጄ፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ መጠበቅ የማይችለው የትኛው ነው? መጠበቅ የሚችለውስ?" አሏት። እኔ በዚህ ሁሉ ጊዜ ይህን ጥያቄ አልጠየቅሁም፤ "ሁሉም ስንት ነው?" ብዬ ነበር የምደነግጠው። ሐኪሟም ብረቱን አስቀምጣ በደንብ አሰበችበት። የማይጠብቀው ከድዱ ሥር ድንጋዩን ማጽዳት ነው፣ እሱም በሁለት ቀጠሮ ተከፍሎ ሊሠራ ይችላል። መንቀሉን ለሦስት ወር እናቆየው፤ ቤት ውስጥ በሥርዓት ከያዙት ጥርሶቹ ሊተርፉ ይችላሉ፣ ካልያዙት ግን ከአሁን የባሰ ዋጋ ያስከፍልዎታል አለችኝ። እናትሽ ከቀሚሳቸው ውስጥ የተቋጠረ መሐረብ አውጥተው ከፈሉ። "የጡረታ ውዝፌ ነው" አሉኝ። እኔም አመንኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሦስት ወር ብታዪ ኖሮ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂ ነበር። ጠዋትና ማታ ማጠቢያው ጋ እቆማለሁ፣ እናትሽ በሩ ላይ ቆመው የግድግዳውን ሰዓት ያያሉ። "ሁለት ደቂቃ አልሞላም። የኋላውን ረሳኸው። ብሩሹን ወደ ድዱ ዘንበል አድርግ፣ አትፈትግ፤ ድስት መሰለህ?" ለስላሳ ብሩሽ፣ ለመሃል መሃሉ ቀጭን ብሩሽ፣ ከዚያ በጨው ውሃ መጉመጥመጥ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደም ሳይ እጄ ይቆማል። "አይዞህ፣ ቀጥል" ይሉኛል። በሁለተኛው ሳምንት ደሙ እየቀነሰ ሄደ።

የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ስፒል በከንፈሬ ይዤ ክር በጥርሴ በጥሼ ለምጃለሁ። ሐኪሟ ሁለቱንም ከለከለችኝ። እናትሽ ትንሽ መቀስ በገመድ አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ፣ ለስፒሉም የጥጥ ትራስ ሰፍተው እጄ ላይ አሰሩልኝ። ስረሳ ከጀርባዬ "ትፋ" የሚል ድምፅ ይመጣል። አንድ ቀን ደንበኛ እያለ "ትፋ" ሲሉኝ ሰውዬው ደንግጦ ማስቲካውን ተፋ።

እንዲህ እያልን ተላመድን። አሁን ምሳ አብረን ነው የምንበላው። አንቺ ልጅ ሳለሽ የጎረቤት መጋረጃ ቆርጠሽ ለአሻንጉሊትሽ ቀሚስ መሥራትሽን ነገሩኝ፤ ልብስ ሰፊ ያገባሽው በዚያ መጋረጃ እዳ ነው ማለት ነው። እሳቸው ሁልጊዜ ዳቦውን ሻይ ውስጥ ነክረው ነው የሚበሉት። ልማዳቸው ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ወር ሐኪሟ እንደገና ለካችኝ። "ሦስት፣ ሦስት፣ አራት፣ ሦስት፣ አምስት።" እናትሽ ሎተሪ እንደሚከታተል ሰው ትንፋሻቸውን ይዘው ያዳምጡ ነበር። አራቱም ጥርሶቼ በቦታቸው አሉ። አንደኛው ገና ትንሽ ይነቃነቃል፤ ምናልባት አንድ ቀን ይሄድ ይሆናል። በሽታው ይታገሳል እንጂ ጨርሶ አይሄድም፣ በየጊዜው መታየት አለብዎት ብላኛለች። መነቀሉ ግን ቀርቷል። ስንወጣ እናትሽ ደረጃው ላይ ክንዴን ይዘው፣ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አሉኝ። ስማቸውን ሳልጠራ እግዜርን አመሰገንኩ፤ የማመሰግነው ስለሳቸው እንደሆነ እሱ ያውቃል።

እንግዲህ ማክሰኞ ደብዳቤሽ መጣ። ዓይናቸው ስለደከመ ጮክ ብዬ ነበር የማነብላቸው። "የእማዬ አዲሱ ጥርስ ተስማማት ወይ?" የሚለው ላይ ስደርስ ከወረቀቱ ቀና አልኩ። እናትሽ ተነስተው ማጠቢያው ጋ ሄዱ፣ ቧንቧ ከፍተው የታጠበውን ኩባያ እንደገና ማጠብ ጀመሩ።

"እማማ፣ ያ ገንዘብ ለጥርስዎ የላከችልዎት ነው እንጂ የጡረታ አልነበረም?"

"ኩባያው ቆሽሿል።"

"እማማ።"

ቧንቧውን ዘጉት። "እኔ ያለ ጥርስ አሥር ዓመት በልቻለሁ። ያንተ ግን ገና ቦታው ላይ ነበር። የሌለውን ከመግዛት ያለውን ማዳን ይረክሳል። ደግሞ ያንተ ከረገፈ ልጄ ሁለት ዓመት ትቆይብኛለች። ይሄ ምኑ ነው ከባድ ስሌት?" አሉኝ።

እኔም ያሰላሁት ያንኑ ስሌት ነበር። እኔ ግን አስልቼ ዝም አልኩ፣ እሳቸው አስልተው ጥርሳቸውን ሰጡኝ። አለቀስኩ። አፌን ሳልሸፍን።

አደራሽን፣ አትቆጫቸው። ሐሙስ ዕለት ሐኪሟ ዘንድ ሄጄ ነገሩን አጫወትኳት። የክሊኒኩ ሰዎች ጋውን ሁሉ እጁ ረዝሞ ትከሻው ወርዶ አይቼዋለሁ፤ ዓይኔ አያርፍም። ስምንት ጋውን ልሰፋላቸው፣ እነሱም ያንን ከእናትሽ ጥርስ ዋጋ ላይ ሊቀንሱልኝ ተስማማን፤ ቀሪውን በየወሩ እከፍላለሁ። የአፋቸው ልክ ሰኞ ይወሰዳል። እሳቸው "ልክ የሚወስደው ልብስ ሰፊው ነው ወይስ ሐኪሟ?" እያሉ ያሾፉብኛል።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር መጨረሻው ላይ "እንደመሰለሽ አድርጊ" ብዬ ልጽፍ ነበር። እናትሽ ቁልፉን አስቀምጠው፣ "ጥርስህን ለማዳን አፍህን ከፍተሃል፤ ለሚስትህም ክፈተው" አሉኝ። እሺ፣ ከፈትኩት። አትፈርሚ። ነይ። ሦስት ዓመት በቃኝ። የምንበላው አናጣም፤ እጄ ደህና ነው፣ መኪናዋም ደህና ናት፣ ናፍቆትሽ ግን ከድድ ሕመም ይብሳል፤ ለሱ የጨው ውሃ አይሠራለትም።

ደብዳቤውን የምታመጣልሽ የዚያ ነጭ ቀሚስ ባለቤት ናት። ባሏ አንቺ ካለሽበት ከተማ ስለሚሠራ ረቡዕ ትነሳለች። ትናንት ልትሰናበተን መጥታ ሱቁ በር ላይ ፎቶ አንስታናለች፤ ከፖስታው ውስጥ አለልሽ። በደንብ እዪው። እኔ አራቱንም ጥርሴን አሳይቼ ስቄያለሁ፣ እናትሽ አንድም ሳይኖራቸው ስቀዋል። ከሁለታችን የማን እንደሚያምር አንቺ ፍረጂ፤ እኔ ተሸንፌያለሁ።

እናትሽ "እግርሽ እንቅፋት አይምታው፣ ያለሽበት ይለምልምልሽ፣ በሰላም ወጥተሽ በሰላም ግቢ" ብለውሻል። በራሴ በኩል ደግሞ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥሽ እልሻለሁ።

ያንቺው፣ አፉን የከፈተው ልብስ ሰፊ

ይድረስሽ ካልኩ በኋላ ያስታወስኩት፦ ሐኪሟ ጥርስ ባይኖርም ድድ ይቦረሻል ስላለቻቸው እናትሽም ብሩሽ አላቸው፤ ጠዋት ጠዋት ማጠቢያው ጋ አብረን እንቆማለን። ትናንት መድኃኒት ቤት ሄጄ ሌላ ለስላሳ ብሩሽ ገዛሁና ኩባያው ውስጥ ከሁለታችን መሃል አቆምኳት። ገና ከላስቲኳ አላወጣኋትም።