በጭስ ማውጫው ዙሪያ ያለው ቆርቆሮ

ሊልበርን፣ አሜሪካ፣ ኖቬምበር 1988 እ.ኤ.አ.

ውድ ወንድሜ ይገዙ፣

አርባህ ነገ ነው። ሳሎን ውስጥ፣ በጭስ ማውጫው በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ውሃ ሲወርድ ሰነበተ። እማዬ ፎቶህን ከዚያ አንስታ ሶፋው ላይ አስቀምጣዋለች፤ ማንም እዚያ አይቀመጥም።

አባዬ «ይገዙ የሠራውን ማንም አይነካውም» ብሎ ጣራው ላይ ሰው አላስወጣም ነበር። አንተ ስትሠራ እኔ ቆርቆሮውን የያዝኩልህ ይመስለዋል። እንዳይቆጣኝ ብለህ እንደዚያ የነገርከው አንተ ነህ። ከሞትክ ወዲህ ለመጣው ሰው ሁሉ «ወንድማማቾቹ አብረው የሠሩት» እያለ ያሳያል። እኔም አላርመውም።

ትናንት ውሃው ለእንግዶች የደረደርናቸው ወንበሮች ጋ ሲደርስ ግን አባዬ ለጋሽ ብርሃኑ ደወለ። ጣራ መሥራት ሥራው አይደል። ዛሬ ከትምህርት ቤት ቀረሁና ከአባዬ ጋር መሰላል ያዝንለት። ሰማዩ ጠቁሯል።

ጋሽ ብርሃኑ ከላይ ሆኖ አባዬን በስሙ እየጠራ ሳቀ። «ኧረ ገብረሕይወት! የላይኛውን ቆርቆሮ ከታችኛው ሥር ከትቶት እኮ ነው። ውሃውን ቤት ግባ ብሎታል። በዚያ ላይ ሬንጅ ለቅልቆበታል። ማነው ይሄ ባለሙያ?»

አባዬ ቀና ብሎ ወደ ቆርቆሮው አየ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ውሸቱን ነው» አለ አባዬ። «እሱ ቆርቆሮውን ብቻ ነው የያዘው። ምስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ብርሃኑ ሁለታችንንም አየና ኮፍያውን አወለቀ። «ይገዙ ነው እንዴ? አፌን ይቁረጠው።» ከዚያ ሊያጽናናን ብሎ «ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ብቻውን እንደሠራው ያስታውቃል። የሚይዝለት ሰው ቢኖር እንዲህ አይሆንም ነበር» አለ።

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። «ያን ቀን የት ነበርክ?»

«ቤት ውስጥ።»

«ምን ስትሠራ?»

«ቲቪ ላይ ፉትቦል ሳይ።»

መሰላሉን ለቀቀና ገባ። እኔ ጣራው ላይ ወጣሁ፤ አንተ የመታኸውን ነቀልን፣ አዲሱን ያዝኩ፣ ጋሽ ብርሃኑ መታ። አሁን እየዘነበ ነው፤ ግድግዳው ላይ የሚወርድ ውሃ የለም። አባዬ እስካሁን አላናገረኝም። ነገ ሰው ሲሰበሰብ፣ ባይፈልገኝም አጠገቡ እቆማለሁ።

ለአንተ ግን አንድ ነገር አልነገርኩህም። ያን ቀን ማታ ከጣራው ስትወርድ «አልሰማኸኝም እንዴ?» ስትለኝ «ቲቪው እየጮኸ ነበር» አልኩህ። ይገዙ፣ ሦስት ጊዜ ነው የጠራኸኝ። ሦስቱንም ሰምቻለሁ።

ታናሽህ ዘገየ