በደላላ የተፈለገ መድኃኒት

ዓለሜ ተካ፣

ጥለኸኝ ከሄድክ አንድ ክረምት አልፎ ሌላው ገባ። ሱቁን ልጃችን ይዞታል። ብርድ ልብሱን እንዳንተው ደጅ ላይ ይቆልለዋል፤ ገዢ ለመጥራት ግን ያንተ ጉሮሮ የለውም። ቤቱ ደህና ነው፣ አልጋው ብቻ ሰፋኝ።

ትዝ ይልሃል፣ ያ አልጋ የጠበበን ጊዜ? ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙረህ መተኛት ጀመርክ። ስጠጋህ፣ ገና ዓይንህ ሳይከደን ታንኮራፋለህ። ጠዋት ደግሞ በወጡ ጨው ትቆጣለህ። እኔ ሞኟ፣ ተክለ ሃይማኖት በኩል ውሽማ ይዟል ብዬ ሸሚዝህን ሳሸት ከረምኩ። አዲስ ብርድ ልብስ እንጂ ሌላ አይሸትም ነበር።

ለካ አፍረህ ኖሯል። ለእኔ መንገር ሲያቅትህ ለደላላው ለሙዘይን ነገርከው! የመርካቶ ነጋዴ ዕቃ ሲፈልግ ዋጋ እንዳይሰቀልበት ደላላ ይልካል፤ አንተም የወንድነት መድኃኒት በደላላ አፈላለግክ። ሙዘይን ደግሞ ሥራውን አክባሪ ነው። ከአብነት እስከ ሲኒማ ራስ ፋርማሲውን ሁሉ እየዞረ "ለጋሼ ተካ ነው፣ ደንበኛ ይሆንሃል፣ ቀንስለት" ሲል ዋለ። በሽተኛው ራሱ በሐኪም ካልታየ አንሰጥም ብለው በባዶ እጁ መለሱት። ወሬው ግን ቀድሞት እኔ ዘንድ ደርሷል።

ልቆጣ ነበር፣ ሳቄ ቀደመኝ። ውሽማ የለህማ! መስማቴን ስነግርህ አንተ መጀመሪያ ጮኽክብኝ፣ ከዚያ አለቀስክ፣ መጨረሻ ላይ አብረኸኝ በሳቅ ፈነዳህ። በነጋታው ሐኪም ቤት ሄድን።

ሐኪሙ ስኳርህንም ጭንቀትህንም አገኘና ክኒኑን አዘዘልህ። ለምርመራ ስንመለስ፣ በመድኃኒቱ ረክተዋል ወይ ቢልህ "እሷን ጠይቃት" አልከው፤ እኔ በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንኩ። እውነቱን ያኔ አልመለስኩለትም። ክኒኑ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ይለግማል። እኔን ያረካኝ ፊትህ ወደ እኔ መዞሩ ነው። እንቅልፍ እስኪወስደኝ የገበያውን ወሬ ስታወራልኝ፣ ከሙሽርነቴም በላይ ደስ ይለኝ ነበር።

የሙዘይንን ወሬ ሰምተው የሳቁብህ የሱቅ ጎረቤቶችህ በኋላ ብርድ ልብስ የሚመርጡ መስለው አንድ በአንድ ሲያማክሩህ አይቻለሁ። ለቅሶህ ላይ ደግሞ ሚስቶቻቸው ሲያቅፉኝ በጆሮዬ ምን አሉኝ መሰለህ? "ነፍሱን ይማር፣ የኔውንም ሐኪም ቤት የወሰደው እሱ ነው።" በዚያ ሁሉ ዋይታ መሃል ሳቄ አመለጠኝ። ሰው ለቅሶ መሰለው።

እኔም ተጠርቼ እስክመጣ አልረሳህም። አሁን ወደ ግድግዳው ዞሬ የምተኛው እኔ ነኝ፤ ቦታህ በዚያ በኩል ነዋ።