ለቀድሞው ሊቀመንበራችን፣ ስለከለከሉን አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል

ለተከበሩ ጓድ አምባዬ፣
የቀበሌያችን የቀድሞ ሊቀመንበር፣
ናዝሬት

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ከእሁዱ ስብሰባ ወዲህ ከቤት አልወጡም ሲባል ብሰማ ጊዜ አሳስቦኝ ነው ይህን ደብዳቤ ጽፌ፣ እርስዎ ራስዎ ባሠሩት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት። እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ፤ እንዲያውም እንዲህ ደህና ሆኜ አላውቅም።

አንደኛ፣ በመጋቢት ቤቴን ሲያስፈትሹ፣ ልጄ የሺዓለም ለማትሪክ ልትዘጋጅ ግድግዳ ላይ ከለጠፈቻቸው የእንግሊዝኛ ቃላት «ዳውንፎል» የምትለዋን ነቅለው፣ ከመምህር ጆቴ የተዋሰችውን መዝገበ ቃላት ጭምር ስለወሰዱልን አመሰግናለሁ። ትርጉሟ ውድቀት እንደሆነ፣ ያውም ከፍ ብሎ የነበረ ሰው የሚወድቀው ዓይነት እንደሆነ ልጅቷ በትሕትና ብታስረዳዎ፣ የሚወድቀው ማን ነው ብለው አፋጠጧት። መዝገበ ቃላት የሰው ስም እንደማይጠራ አሥረኛ ክፍል ላይ የቀረሁት እኔ እንኳ አውቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ቃሏን ከኢምፔሪያሊዝም ጋር ካልሆነ በቀር ማንም እንዳይጠቀምባት በማኅተም መከልከልዎ ሳያንስ፣ ልጄን በውይይት ክበብ አቁመው ግለ ሂስ ስላስደረጓት ምስጋናዬ እጥፍ ነው። ሦስት መቶ ሰው ፊት እያለቀሰች ቃሏን ሰባት ጊዜ ጠራቻት። እርስዎ ባይኖሩ ጋሪ ነጂው አቶ ሆራ እንግሊዝኛ ከየት ያገኝ ነበር? ይኸው ዛሬ ፈረሱ በተደናቀፈ ቁጥር «ዳውንፎል!» እያለ ገበያውን ያስቃል።

የእሁዱን ደግሞ ላልነበሩ ጎረቤቶች ስል ልጻፈው። ስድስት ዓመት ሙሉ መጀመሪያ ለተጠየቀው ሁሉ እጃችንን እንድናወጣ፣ ተቃውሞ ሲባል ደግሞ እንድንሰበስብ ያስለመዱን እርስዎ ነዎት። ታዲያ ከአውራጃው በመጡት እንግዳ ፊት በታዛዥነታችን ሊኮሩ ብለው፣ አምባዬ ይውረድ የሚል ካለ እጁን ያውጣ የሚለውን ጥያቄ ያስቀደሙት ምን ነክቶዎት ነው? አዳራሹ ሙሉ እጅ በእጅ ሆነ። ባለቤትዎ እትዬ ሙሉብርሃን እንኳ አወጡ፤ በልማድ ነው እንጂ በክፋት እንዳልሆነ እኔ ምስክር ነኝ። እንግዳውም ቆጥረው መዘገቡ። ስለ ራሴ ግን አልዋሽም፤ ጥያቄው ገብቶኝ ነው ሁለቱንም እጄን ያወጣሁት።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ማኅተሙን አስረክበዋል፤ መዝገበ ቃላቱ ግን እቤትዎ ነው። ማትሪኩ ሊደርስ አሥር ቀን ቀረው። ልጄ የሰው ዕቃ አጠፋሁ ብላ ከመምህር ጆቴ ክፍል ከቀረች ሁለት ወር ሆናት፤ ይህች ልጅ በእርስዎ ፍርሃት ብትወድቅ ምስጋናዬን አነሣለሁ። እባክዎ ነገ ይላኩልን።

ወንበርዎን ካጡ ጀምሮ እንቅልፏ የተመለሰላት፣ ረጅም ዕድሜና ረጅም ዕረፍት የምትመኝልዎ አክባሪዎ፣
ተሻለች ኃይለየሱስ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ
ግንቦት 21 ቀን 1973 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ያቺ ቃል ያለችበትን ገጽ ቀድደውት እንደሆነ አይጨነቁ፤ መጽሐፉን እንዲሁ ይላኩት። የጎደለውን ገጽ የትኛውም ጎረቤትዎ በቃሉ ይነግራታል።