ሁለት ዘጠኝ ቁጥሮች

ለተወደዱት እማሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ፣ እንቅልፍዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎ እንዴት ነው? ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ብቻ የጠየቅሁ እንዳይመስልዎ። ለዛሬ እንኳ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብለው አይለፉኝ። እኔ ጤነኛ ነኝ። ቸኩዬ ነው የምጽፈው፤ ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው እንደሚመስል ይታየኛል፣ ይታገሡኝ።

እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። የልብስ ማጠቢያዋ ሲስተር ብቻ እንደ ድሮዋ ናት፤ አንድ ካልሲ በጠፋ ቁጥር ሁላችንንም ታኮርፈናለች። በሄዱ ማግስት ዘጠኝ ቁጥር ለእኔ ይሰጠኝ ብዬ ስጠይቅ ግን እሷም ሳቀች። አንዲት እህት ወደ ሌላ ቤት ስትዛወር ልብሷ ላይ በቀይ ክር የሚሰፋው ቁጥር ለአዲስ ገቢ እንደሚሰጥ አጥቼው አይደለም። የራሴ ሠላሳ አንድ ቁጥርም ነበረኝ። እርስዎ ሃያ ዓመት የለበሱትን ቁጥር አንዲት የማላውቃት ልጅ እንድትለብሰው አልፈለግሁም፣ ስስት ነው። አለቃችን «ደግሞ ቁጥር ይወረሳል እንዴ?» ብለው ፈቀዱልኝ።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ለዓመታዊው ምርመራ የሁላችንንም ደም ክሊኒኩ ውስጥ የምቀዳው እኔ መሆኔን ያውቃሉ። በአንዲት ቅድስት ስም የምንጠራቸው ሦስት እህቶች ስላሉን አምና ውጤታቸው ተደበላልቆ ስንት ጣጣ አመጣ። ዘንድሮ ብልጥ ልሁን ብዬ በብልቃጦቹ ላይ ስም ትቼ የልብስ ቁጥራችንን ጻፍኩ። የእርስዎን ሰኞ ቀዳሁ፣ ረቡዕ ተዛወሩ። የራሴን ዓርብ ቀዳሁና ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩበት። ዘጠኝ የሚል ሌላ ብልቃጥ ቀድሞ ወደ ሆስፒታሉ ላቦራቶሪ መሄዱ ትዝ እንኳ አላለኝም።

ውጤቱ በአንድ ፖስታ ታሽጎ መጣ። ሁለት ወረቀት ላይ ዘጠኝ ይላል፣ ደሙ የተቀዳበት ቀን አልተጻፈም። አንዱ ንጹሕ ነው። ሁለተኛው ላይ የነጭ የደም ሴሎቹ ብዛት በቀይ እስክሪብቶ ተከቦ፣ ከሥሩ «በአስቸኳይ ትምጣ» ተብሏል። ዐሥራ አንድ ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ፤ ይህ ምን ሊሆን እንደሚችል ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልግም። ለስንት ሰው ወንበር አቅርቤ፣ እጁን ይዤ ነግሬያለሁ። ለእኔ ወንበር የሚያቀርብልኝ አልነበረምና የመድኃኒቱ ክፍል ወለል ላይ ቁጭ አልኩ።

ፈራሁ፣ እማሆይ። ሁለቱንም ወረቀቶች በጸሎት መጽሐፌ ውስጥ ከተትኳቸውና ለማንም ሳልናገር አራት ቀን ደበቅኋቸው። አራት ቀን። መጽሐፉን በከፈትኩ ቁጥር አያቸዋለሁ፤ እህቶቼ ሲዘምሩ እኔ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። ይህ ሕመም ሰውነትን ያለ ምክንያት ያበልዛል፤ እኔም ቅልጥሜ ላይ የበለዘ ቦታ አየሁ። ከጸሎት ቤቱ አግዳሚ ጋር መጋጨቴን እያወቅኩ እንኳ በየሰዓቱ ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ሰፍቶ እንደሆነ አየው ነበር። የክሊኒኩ ስልክ ሲጮኽ ሌላ እህት እንድታነሣው እጠራለሁ። በሽተኞቼን «አይዟችሁ» እያልኩ ስሸኝ በራሴ አፍርኩ፤ ለካ የማውቀው ቃሉን ነበር እንጂ ፍርሃቱን አልነበረም።

ደግሞ ጸለይኩ። «ንጹሑ የእኔ ይሁን» ብዬ ነው የጸለይኩት። ጀማሪ ሳለሁ፣ ከሌላ ሰው ሳህን ላይ ተነሥቶ የሚሰጥሽን ነገር አትለምኚ ብለውኝ ነበር። ሳህኑ የማን እንደሆነ እያወቅኩ ለመንኩ። ይህንን ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። ለእርስዎ ግን ሳልናገር ዓይንዎን ማየት አልችልም።

በአምስተኛው ቀን አለቃችን ቢሮ ገብቼ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አልተቆጡም። ስንት ቀን እንደያዝኳቸው ብቻ ጠየቁኝ። አራት ስላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ሆስፒታሉ ደወሉ፤ ምነው በሰደቡኝ ብዬ ተመኘሁ። በዚያው ዕለት ደሜ እንደገና ተቀዳ፣ በዚህኛው ብልቃጥ ላይ ስሜ ከነአባቴ ስም ተጻፈ።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ዶክተሩ ደወለ። ንጹሕ ነው አለኝ። ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ግን፣ እርስዎ ከዚህ በሄዱበት ዕለት ሻንጣዎን ልቀበልዎ ስል ክንድዎ ላይ ያየሁት የበለዘ ቦታ ትዝ አለኝ። በር መታኝ አሉኝ። ደረጃውን ሁለቴ ቆም እያሉ ሲወርዱ እርጅና ነው አሉኝ፤ ነርሷ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

አለቃችን ሊደውሉልዎ ነበር። በስልክ አይሆንም፣ እኔ ልጻፍ ብዬ ለመንኳቸው። ይህንን የሚሰጥዎ ሹፌራችን ነው፣ ያ «ቀስታ» ብለው የሚጠሩት። ዛሬ እንዲፈጥን ነግሬዋለሁ። መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ እባክዎ አብረውት ይምጡ። «ነገ እመጣለሁ» አይበሉኝ፣ አትክልቱንም ሌላ ሰው ያጠጣዋል። ወፍራሙን ሹራብዎን ይልበሱ፤ የሆስፒታሉ መተላለፊያ ብርድ ነው። እኔ ቀድሜ ሄጄ ተራ ይዤ እጠብቅዎታለሁ፤ ወንበርም አዘጋጃለሁ። ከፈለጉ እዚያው ይቆጡኝ፤ ብቻ ይምጡ።

እዚያ አዲስ ቁጥር ገና ካልሰፉልዎ ሹራብዎን አያስነኩ። እኔ ዛሬ ዘጠኙን ከልብሴ ሁሉ ፈትቼዋለሁ፤ ለማንም አዲስ ገቢ እንዳይሰጥ አለቃችንን ቃል አስገብቻለሁ። የእርስዎ ነው።

ያሳደጉኝን እጆች ፈጣሪ ያበርታልኝ፤ እኔ ካባከንኩብዎ አራት ቀን እጅግ የሚበልጥ ብዙ ዘመን ይጨምርልዎ።

ልጅዎ፣
እንደ ድሮዬ ሠላሳ አንድ ቁጥር