በእናቴ መኝታ ክፍል ውስጥ ቢሮ ለከፈተው ማኅበር

ለተከበሩ የቤት አልባዎች ተሟጋች ብሔራዊ ማኅበር ሊቀ መንበር፤

ክቡርነትዎ፣ ከነባለሟሎችዎ እንደምን ሰንብተዋል? ብርድ እንዳይነካዎ ዘወትር እመኛለሁ፤ ቢሮዎ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እንደሚገባው ስለማውቅ ግን ብዙም አልሰጋም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። እስካለፈው ክረምት ድረስ ከእናቴ ጋር እዚያው ቤት እንኖር ነበር።

በቅድሚያ ላመስግን። ማኅበርዎ ለድሃ ርካሽ ኪራይ ይገባል ብሎ የሚሟገትበት ቢሮ ሲፈልግ ከእኛ አብልጦ ለመክፈል ስላላቅማማ፣ አከራያችን በጥድፊያ አስወጣን። ቤት አልባነትን ለማጥናት ሩቅ ሳይሄዱ እዚያው መፍጠርዎ ይደነቃል። አሁን እናቴ እኅቴ ቤት ኮሪደር ላይ፣ እኔ ደግሞ ሱቄ ውስጥ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር እናድራለን።

ቅሬታዬን በቁጥር የማቀርበው ለሪፖርት እንዲመችዎ ነው።

፩ኛ. እናቴ ከሕክምና ስትመለስ እግሯ ስለለመደ ቀጥታ ወደ ክፍሏ ገብታ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ሠራተኞችዎም ቤት ለእንግዳ ብለው ሻይ ሰጧት፤ እግዜር ይስጥልኝ። ከጎዳና የመጣች መስሏቸው ቤቷ የት እንደሆነ ቢጠይቋት፣ «ቤቴማ ይኸው፣ ይሄ አይደል እንዴ!» አለቻቸው። እውነቷን ነበር። እነሱ ግን ምኞቷን የነገረቻቸው መስሏቸው እንባ እየተናነቃቸው ፎቶ አነሷት።

፪ኛ. ያ ፎቶ «ይሄ ቤቴ ነው» የሚል ተጽፎበት፣ ትልቅ ፖስተር ሆኖ በዚያው በክፍሏ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከመንገድ ሆኖ በመስኮቱ ይታያል። ይህ በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነው።

፫ኛ. እናቴ ፖስተሩን አይታ ደስ አላት። ይቅር ልልዎ ያልቻልኩት ይህንን ነው። ክፍሌን ሊመልሱልኝ ነው ብላ ጓዟን ሸክፋ፣ ጫማዋን አድርጋ ኮሪደሩ ላይ ትጠብቃለች። እኅቴም እኔም እውነቱን ልንነግራት አፋችን እምቢ አለን። ስለዚህ ወይ ክፍሏን ይመልሱላት፣ ወይ ራስዎ መጥተው ይንገሯት። ንግግር እንደሚያውቁበት በሬዲዮ ሰምቻለሁ።

የላቀ አክብሮቴን ከጠረጴዛዬ ሥር ጎንበስ ብዬ አቀርባለሁ፤ ቀና ብል አናቴን ይመታኛል።

የቀድሞ ተከራይ፣ ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ የጓሮው በር ወደ ላይ ካላነሱት አይቆለፍም። ከፍ አድርገው ይግፉት፤ ቤት የሌለው ሰው ገብቶ እንዳያድርብዎ።