ሳላውቃት የሰገድኩላት ወለተ ማርያም

ልጄ ሰርካለም፣ የሰው አገር ይመችሽ፤ እመቤቴ ከፊትም ከኋላም ሆና ትጠብቅልኝ።

እኛ ደህና ነን። ገብሱን ውርጭ መታው፤ ላሟ ግን በሰላም ወልዳለች። ይህን የምትጽፍልኝ የጎረቤታችን ልጅ መቅደላዊት ናት፤ ወንድምሽን ይሄነውን ከእንግዲህ አላምነውም።

የንስሐ አባታችን ቄስ ኒቆዲሞስ ሦስት ዓርብ ሙሉ በምሕላ ላይ «ለታመመችው ለወለተ ማርያም ጸልዩ» ሲሉን፣ ከሰው ሁሉ ቀድሜ መሬት እወድቅ ነበር። ያንቺም የክርስትና ስም ነው፤ ግን በደብራችን ስንት ወለተ ማርያም አለች! «ምስኪን፣ እናቷ እንዴት ሆና ይሆን?» እያልኩ አለቀስኩላት።

ባለፈው እሑድ ቄሱ የማውቅ መስሏቸው «ሰርካለም ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ እንዴት ናት?» አሉኝ። ይሄነው ለካ መካነ ሰላም ገበያ በሄደ ቁጥር እየደወለልሽ ኖሯል። ስምሽን ለቄሱ የሰጠ እሱ፣ «ለእማዬ እንዳትነግራት» ያልሽው አንቺ!

እንዳልደነግጥ ነው አሉ። አባትሽን የቀበርኩ ጊዜ ጸሎት አይደለም ወይ ያቆመኝ? እሱኑ ነጠቃችሁኝ። እግዜር ስግደቴን ላንቺ ቆጥሮልሽ ይሆናል፤ እኔ ግን ለልጄ ሳይሆን ለባዳ ነው የሰገድኩት።

አብሽሪ ልጄ፣ ምሕረቱን ያውርድልሽ። ቁስልሽ እስኪጠግ ከባድ ነገር አታንሺ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ የትኛውን ጎንሽን እንደቀደዱሽ ንገሪኝ፤ ስጸልይልሽ በራሴ ገላ ላይ እጄን የማሳርፍበትን ልወቅ።

እናትሽ አመለወርቅ